ከላፍቶ እስከ ጢያ፦ የትክል ድንጋይን ዕድሜና አቅጣጫ የመመርመር መመሪያ

ከላፍቶና ከጀሞ ተነሥቶ በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ የያዘ ተጓዥ፣ የአዋሽን ወንዝ በመልካ ቁንጡሬ ከተሻገረ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በሶዶ ጉራጌ ምድር የሚገኘውን የጢያን የትክል ድንጋይ መካነ ቅርስ ያገኛል። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ይህ ስፍራ 36 ሐውልቶች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 32ቱ የሰይፍና የሌሎች ምልክቶች ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ጎብኚውም ሆነ ተማሪዎቹን ይዞ የሚሄደው መምህር ከድንጋዮቹ ፊት ሲቆም የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ዘወትር ሁለት ናቸው፦ ድንጋዮቹ መቼ ተተከሉ? አቆማቸውስ ፀሐይን፣ ጨረቃን ወይም ኮከብን ያመለክታል?

ሁለቱ ጥያቄዎች አብረው ስለሚነሡ ብዙውን ጊዜ አንዱ ለሌላው ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል፤ ይኸውም ድንጋዩ የሆነ ኮከብ የሚወጣበትን ስፍራ ስለሚያመለክት በእንዲህ ያለ ዘመን ተተክሏል ይባልና፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ በዚያ ዘመን ስለተተከለ የሚያመለክተው ያንን ኮከብ ነው ይባላል። እንዲህ ያለው ክርክር ዙሮ ከተነሣበት ይመለሳል እንጂ ምንም አያረጋግጥም። የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል የተወሰነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዕድሜ ከመሬቱ፣ አቅጣጫ ከልኬቱ ለየብቻ ይገኛሉ፣ ሰማዩ የሚጠየቀው ከሁለቱ በኋላ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ዕቃዎች በማንኛውም የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ የሚገኙ ናቸው፦ ቱምቢ፣ ሲባጎ፣ 30 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ፣ ኮምፓስ፣ ቦታን በጂፒኤስ የሚያሳይ ስልክና ደብተር። ወደ ጢያ ከመሄድ በፊት በሰፈር መለማመድ ይጠቅማል፤ ከላፍቶ ከፍታዎች ላይ የረር በምሥራቅ፣ ወጨጫ በምዕራብ፣ ፉሪ በደቡብ ምዕራብ ጎልተው ስለሚታዩ፣ ወደ እነዚህ ተራሮች የተለካ አቅጣጫ ከካርታ ጋር ሲመሳከር የለኪው ስሕተት ምን ያህል እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። በጀሞ ኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ ኮምፓስ ይዞ መለማመድ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ በወለሉና በምሰሶው ውስጥ ያለው ፌሮ መርፌውን ወደ ራሱ ይስበዋል።

1ኛ ደረጃ፦ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን መለየት

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ስፍራን መቆፈር ከሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ማለትም በአሁኑ ስያሜው ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ አካፋ ወይም ዶማ ይዘው አይሂዱ፤ ከድንጋዩ ሥር የወጣ ከሰል ወይም የሸክላ ስባሪ ቢያዩም አያንሡ፣ ፎቶውን አንሥተው ለጥበቃ ሠራተኛው ያመልክቱ። ቅርጹ ጎልቶ እንዲታይ ጠመኔ መቀባት፣ ውሃ ማርከፍከፍ ወይም ሽበቱን መፋቅ በየስፍራው የተለመደ ጥፋት ነው። ለዚህ የሚሻለው ዘዴ ዋጋ የማይጠይቅ ነው፤ ጠዋት ወይም ማምሻ ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ደብዛዛው ቅርጽ በጥላ ይለያል።

2ኛ ደረጃ፦ የሚታየው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ

በክብ የተደረደረ ድንጋይ ሁሉ የጥንት ክበብ አይደለም። በደጋው አገር የተተወ አውድማ፣ የከብት በረት ዙሪያና የፈረሰ ጎጆ መሠረት ከዓመታት በኋላ ሣር ሲወጣባቸው አንድ ዓይነት መልክ ይይዛሉ፤ እነዚህን ለመለየት የክቡን ስፋት፣ የመግቢያ በር መኖር አለመኖሩን፣ ድንጋዮቹም በመሬቱ ላይ የተቀመጡ ወይስ ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው የተተከሉ መሆናቸውን ይመርምሩ። የሁሉንም ዓላማ ደግሞ በአካባቢው የሚያርሱትን ሽማግሌዎች ይጠይቁ፤ የአባታቸውን አውድማ ከማንም ምሁር በላይ ያውቁታል።

ሁለተኛው ዓይነት የመቃብር ጉብታ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝና በአካባቢው፣ አጥኚዎቹ ፎቬልና ፑዋሶኒዬ የሻይ ባህል ብለው የሰየሙት ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. የነበረ ማኅበረሰብ ሙታኑን ከድንጋይና ከአፈር በተከመረ ክብ ጉብታ ሥር ቀብሯል። የእንዲህ ያለ ጉብታ አፈር በዝናብ ሲታጠብ ዙሪያውን የያዘው ድንጋይ ብቻ ይቀርና ሆን ተብሎ የተሠራ የድንጋይ ክበብ ይመስላል። ሦስተኛው ዓይነት እንደ ጢያና እንደ ጌዴኦ ያለው ትክል ድንጋይ ሲሆን፣ ይህም በክብ ሳይሆን በረድፍ ወይም በቡድን የቆመና በጢያ በተካሄደው ቁፋሮ እንደታየው ከመቃብር ጋር የተያያዘ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ መመለስ ያለበት ጥያቄ ድንጋዩ ዛሬ በሚታይበት ቦታ ላይ የቆመው በጥንቱ እጅ ነው ወይ የሚለው ነው። ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት በ2008 እ.ኤ.አ. በዘመናዊ ምሕንድስና የቆመ ነው፤ በእንግሊዝ አገር በስቶንሄንጅም ከድንጋዮቹ ብዙዎቹ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ተቃንተዋል ወይም እንደ ገና ተተክለዋል። በጌዴኦ ቱቶ ፈላ ደግሞ ቀድሞ በሌላ መልክ ተጠርበው የነበሩ ድንጋዮች በኋለኛው ዘመን የሰው ፊት ተቀርጾባቸው እንደ ገና አገልግለዋል። የወደቀም ሆነ የተቃና ድንጋይ አቅጣጫ ከስሌቱ መውጣት አለበት፤ የመካነ ቅርሱን የእድሳት መዝገብ ወይም የቁፋሮ ዘገባ ሳያዩ ልኬት መጀመር ትርፉ ድካም ነው።

3ኛ ደረጃ፦ ዕድሜውን ከመሬቱ መጠየቅ

አንድ ትክል ድንጋይ ቢያንስ አራት የተለያየ ዕድሜ አለው፤ ዐለቱ የተፈጠረበት፣ ድንጋዩ የተጠረበበት፣ የተተከለበትና ቅርጹ የተጨመረበት ጊዜ። የመጀመሪያው ከሌሎቹ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በመልካ ቁንጡሬ የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ላይ የሚሠራበት የፖታሲየም አርጎን ስሌት፣ ማለትም በዐለት ውስጥ ያለ ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ የሚለወጥበትን ፍጥነት የሚቆጥረው ዘዴ፣ ከሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ ውጤት ሊሰጥ ይችላል፤ የሚናገረው ግን አመዱ ወይም ቅልጡ የቀዘቀዘበትን ጊዜ ስለሆነ፣ በዚህ ዐለት የተሠራን ሐውልት የሚሊዮን ዓመት ቅርስ ማለት፣ በጢያም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ ስሕተት ነው።

የተተከለበትን ጊዜ የሚያሳየው ከሥሩ ያለው ነገር ነው። በጣም የታወቀው ዘዴ ራዲዮካርቦን ሲሆን፣ ሕይወት የነበረው ነገር ሁሉ በውስጡ የያዘው ካርቦን 14 ከሞተ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ መሄዱን መሠረት ያደርጋል፤ ስለዚህ ከሰል፣ አጥንት፣ የእህል ፍሬ ይመረመራል እንጂ ድንጋዩ ራሱ አይመረመርም። ላቦራቶሪው የሚሰጠው ጥሬ ቁጥር በዛፍ የዕድሜ ቀለበት በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ወደ ዘመን መቁጠሪያ ዓመት መለወጥ ስላለበት፣ በመጨረሻ የሚገኘው አንድ ዓመት ሳይሆን የዓመታት ክልል ነው። አንድ ዓመት ብቻ ለይቶ የሚናገር ምንጭ ከገጠመዎ ይጠርጥሩት።

ከዚህ የሚበልጠው ችግር ናሙናው የተነሣበት ቦታ ነው። ድንጋዩ ከተተከለበት ጉድጓድ ወለል ላይ የተገኘ ከሰል ድንጋዩ ከዚያ ጊዜ በፊት አልተተከለም ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርም፤ ከጉድጓዱ በላይ በተጠራቀመ አፈር ውስጥ የተገኘው ደግሞ ከዚያ በኋላ አልተተከለም ይላል፤ በአቅራቢያው ከነበረ የእረኛ እሳት የወጣው ግን ስለ ድንጋዩ ምንም የሚለው የለም። እንጨቱም ራሱ ያሳስታል፤ ከመቶ ዓመታት በላይ ከኖረ የዝግባ ወይም የወይራ ዛፍ ልብ የተገኘ ከሰል የሚሰጠው ዕድሜ እሳቱ ከነደደበት ቀን በብዙ ይቀድማል፣ ስለዚህ በአንድ ክረምት በቅሎ የሞተ የእህል ፍሬ ከወፍራም ግንድ የተሻለ ምስክር ነው።

ከሰል በማይገኝበት ስፍራ ሉሚነሰንስ የሚባለው ዘዴ ይረዳል። የአሸዋ ቅንጣት ከብርሃን ተሰውሮ በተቀበረበት ጊዜ ሁሉ ከዙሪያው አፈር የሚወጣውን ጨረር ጉልበት ያጠራቅማል፤ በላቦራቶሪ ይህ ጉልበት ሲለቀቅ ቅንጣቱ ፀሐይ ለመጨረሻ ጊዜ ያየበት ዘመን ይሰላል። ከድንጋዩ ሥር የተወሰደ አፈር በዚህ ዘዴ ሲመረመር የሚናገረው በቀጥታ ስለ ተከላው ነው። ናሙናው በብረት ቱቦ ተደፍኖ በጨለማ መወሰድ ስላለበት አንድ ጊዜ ብርሃን ከነካው ዋጋ ያጣል፤ ጉጉት ያደረበት ጎብኚ ከድንጋይ ሥር አፈር ጭሮ ሲያይ የሚያበላሸው ነገር ይህ ነው።

የአካባቢ ትውፊት የሚሰጠው ዕድሜም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። በሶዶ ትክል ድንጋዮቹ የግራኝ ድንጋይ ይባላሉ፤ የኢማም አሕመድ ዘመቻ ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጉዳይ ሲሆን፣ በእነ ሮዤ ዡሶም ቁፋሮ የተጀመረው ጥናት ጢያን ብዙውን ጊዜ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ያደርሰዋል። ትውፊቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የኋለኛው ትውልድ ድንጋዮቹን እንዴት እንደተረዳቸው ያስረዳል፣ የተተከሉበትን ዓመት ግን አይነግርም።

በመጨረሻም ዕድሜን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላው መውሰድ አይገባም። በጌዴኦ ሳካሮ ሶዶ የአሸናፊ ዜና ቡድን በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት ድንጋዮቹ ወደ 1ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. የሚጠጉ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ይህም ቀደም ሲል ከሚታሰበው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይርቃል። ስለ ጌዴኦ የተገኘው ውጤት ግን ስለ ጢያ ምንም አይወስንም፤ ሁለቱም ቋሚ ድንጋይ መሆናቸው ዘመዳሞች አያደርጋቸውም። በመጽሐፍ ወይም በመግለጫ ሰሌዳ ላይ የሰፈረ ዕድሜ ሲያጋጥምዎ እነዚህን ይጠይቁ፦ የተመረመረው ምንድን ነው? ከየትኛው ድንጋይ ሥር ነው? ስንት ናሙና ነበር? ውጤቱ ወደ ዘመን መቁጠሪያ ተለውጧል ወይስ ጥሬ ነው?

4ኛ ደረጃ፦ እውነተኛውን ሰሜን ማግኘት

አቅጣጫ የሚገለጸው በአዚሙት ነው፤ አዚሙት ማለት ከእውነተኛው ሰሜን ተነሥቶ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት ወገን የሚቆጠር አግድም ማዕዘን ሲሆን፣ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270 ዲግሪ ይሆናል። ኮምፓስ የሚያሳየው ግን የማግኔትን ሰሜን ነው፤ በአዲስ አበባ አካባቢ መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን በጥቂት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፣ መጠኑም በየዓመቱ ይለዋወጣል። ልዩነቱን ለዕለቱ ከሚሰላበት ሠንጠረዥ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን በእሳተ ገሞራ ምድር ከዚህ የከፋው ጠላት ዐለቱ ራሱ ነው። ይህንን ለማወቅ በአንድ መስመር ላይ ከሁለቱም ጫፍ ይለኩ፤ ከ«ሀ» ወደ «ለ» 70 ዲግሪ ከሆነ ከ«ለ» ወደ «ሀ» 250 መሆን አለበት፣ ካልሆነ ድንጋይ መርፌውን እየሳበው ነውና ኮምፓሱን ወደ ኪስ ይመልሱት።

አስተማማኙ መንገድ ፀሐይ ናት፤ እዚህ ላይ ግን በሰሜን አገር የተጻፉ መጻሕፍት አንባቢውን ያሳስቱታል። የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይጠቁማል የሚለው ሕግ በጢያ አይሠራም። ጢያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 4 እና በነሐሴ 26 አካባቢ፣ በአናት ላይ ታልፋለች፤ በእነዚህ ቀናት ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ በቀትር ጥላ አይኖረውም፣ በመካከላቸው ባሉት ወራት ደግሞ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የቀትሩ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ቀትሩም ልክ በ6 ሰዓት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከጢያ በስተምሥራቅ ባለ የኬንትሮስ መስመር ስለሚቆጠር፣ ፀሐይ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እስከ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

በሁሉም ወቅት የሚሠራው ዘዴ የሚከተለው ነው። በውሃ ልክ በተስተካከለ ባዶ መሬት ላይ ዘንጉን በቱምቢ ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ በሲባጎ በዙሪያው ክብ ይሥሩ፤ ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን ሲነካ ምልክት ያድርጉ፣ ከሰዓት በኋላ በሌላው ወገን ሲነካ እንደ ገና ምልክት ያድርጉ፤ ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ጊዜ የሌለው ሰው በጥላው አዚሙት መሥራት ይችላል፤ የስልኩን የቦታ መለያና ሰዓት ይዞ በስቴላሪየም ወይም በመሰል ፕሮግራም የፀሐይን አዚሙት ለዚያች ደቂቃ ይወስዳል፣ የጥላው መስመር የዚህ ተቃራኒ ነው። ይህንን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ያድርጉት። በእኛ ኬክሮስ ፀሐይ ጠዋት ሽቅብ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ አዚሙቷ በዝግታ ይለወጣል፤ ቀትር ላይ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ስለምትሻገር የአንድ ደቂቃ ስሕተት ልኬቱን ያበላሸዋል።

5ኛ ደረጃ፦ መስመሩን መለካት

ዘመም ያለውን ድንጋይ በጫፉ ሳይሆን በግርጌው ይለኩ፤ ጫፉ በዘመናት ውስጥ የተንቀሳቀሰ ነው። ጠፍጣፋ ሐውልት ከሆነ ሲባጎውን ከግርጌው ፊት ጋር አስተካክለው ይወጥሩና የፊቱን አዚሙት ይመዝግቡ፤ ቅርጹ በየትኛው ፊት እንዳለ መጻፍም አይዘንጋ።

ከዚያ የመስመሩ ጥርት ምን ያህል እንደሆነ ማስላት ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውና በ4 ሜትር ርቀት የቆሙ ሁለት ድንጋዮች የሚያመለክቱት መስመር በሁለቱም ወገን እስከ 6 ዲግሪ ገደማ ሊወላውል ይችላል፤ እነዚያው ድንጋዮች 40 ሜትር ተራርቀው ቢቆሙ መወላወሉ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል። የፀሐይ ክብ ስፋት ግማሽ ዲግሪ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ በቅርብ የቆሙ ሸካራ ድንጋዮች ላይ ተመሥርቶ በአሥረኛ ዲግሪ የተጻፈ ቁጥር ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ይገነዘባል።

6ኛ ደረጃ፦ አድማሱንና የፀሐይን ክልል ማስቀመጥ

በጢያ ኬክሮስ ፀሐይ በሰኔ 14 አካባቢ በ66 ዲግሪ፣ በታኅሣሥ 12 አካባቢ በ114 ዲግሪ አዚሙት ትወጣለች፤ መዓልትና ሌሊት በሚተካከሉባቸው በመጋቢት 11 እና በመስከረም 12 ወይም 13 ገደማ መውጫዋ 90 ዲግሪ ነው። የዓመቱ መውጫ ሁሉ በ48 ዲግሪ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። በስቶንሄንጅ ይህ ክልል 78 ዲግሪ ያህል ስለሚሰፋ የዓመቱን ወቅቶች በአድማስ ላይ ለይቶ ማየት ከእኛ አገር ይልቅ እዚያ ይቀላል። ጨረቃ በ18.6 ዓመት አንዴ ከፀሐይ ክልል ወጣ ትላለች፣ በዚያን ጊዜ ክልሏ ከ61 እስከ 119 ዲግሪ ይደርሳል።

በአንጻሩ ለእኛ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ከፍ ያለ አድማስ የፀሐይን መውጫ ስለሚያዘገይ አዚሙቷን ይለውጣል፤ ባለ 2 ዲግሪ ኮረብታ በስቶንሄንጅ ከ3 ዲግሪ በላይ ሲያዛባ በጢያ የሚያዛባው አንድ ሦስተኛ ዲግሪ ብቻ ነው። ስለሆነም የአድማሱን ከፍታ ይመዝግቡ፣ ነገር ግን በዚህ ብዙ አይጨነቁ።

የመስመሩ አዚሙት ከ66 እስከ 114 ባለው ውስጥ ስለወደቀ ብቻ የፀሐይ ነው ማለት አይቻልም። በዘፈቀደ የተጣለ መስመር እዚህ ክልል ውስጥ የመግባት ዕድሉ ከአራት አንድ ይበልጣል።

7ኛ ደረጃ፦ ከሰማዩ በፊት የምድሩን ምክንያት መፈለግ

በዚህ ምድር ምሥራቅና ምዕራብ የሆነ መስመር ሲገኝ መጀመሪያ የሚታሰበው የቀብር ሥርዓት ነው። በክርስትናው ሥርዓት የሟች ራስ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። በእስልምናው ሟቹ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ ቂብላ ይመለሳል፤ መካ ከጢያ በስተሰሜን፣ ከእውነተኛው ሰሜን 5 ዲግሪ ብቻ ወደ ምሥራቅ ስለሆነች፣ ፊቱን ወደ ሰሜን የመለሰ ሟች ራሱ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። ሁለቱ ሥርዓቶች በራስና በእግር ተቃራኒ ቢሆኑም የመቃብሩ መስመር በሁለቱም ዘንድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያለውን ድንጋይ ብቻ ለክቶ ይህ የክርስቲያን፣ ያ የሙስሊም፣ ያኛው የፀሐይ አምላኪ ማለት አይቻልም። በጢያ የተገኙት ሟቾች ደግሞ ጉልበታቸው ታጥፎ የተቀበሩና አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ስለሆኑ ከሁለቱም ሥርዓቶች የተለየ መልክ አላቸው።

ሌላው ምክንያት ከዚህ የቀለለ ነው፤ ረድፉ የኮረብታውን ሸንተረር፣ የጅረቱን ዳር ወይም የቆየውን የእግር መንገድ ተከትሎ ሊሆን ይችላል። በካርታ ላይ የመሬቱን ተዳፋት ከረድፉ ጋር ያነጻጽሩ።

8ኛ ደረጃ፦ እውነቱን ከአጋጣሚ መለየት

ብዙ ድንጋይ ባለበት ስፍራ ብዙ መስመር አለ። 36 ሐውልቶች በጥንድ ሲገናኙ 630 መስመሮች ይሠራሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ፀሐይን፣ ጨረቃን ወይም ኮከብን የሚነካ መስመር ማጣት እንጂ ማግኘት አያስደንቅም። ይህንን ከማንም በላይ የሚያስተምረው ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙ ሳይርቅ፣ በቱርካና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር በኬንያ የሚገኘው ናሞራቱንጋ 2 የተባለው ስፍራ ነው።

አጥኚዎቹ ሊንችና ሮቢንስ በ1978 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ በዚያ ያሉት 19 የባዛልት ዐምዶች የቦረና የዘመን መቁጠሪያ ከሚከተላቸው ሰባት ከዋክብትና የከዋክብት ስብስቦች መውጫ ጋር የተስተካከሉ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም 300 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ነው አሉ። የቦረና አቆጣጠር በአስመሮም ለገሠ የ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ «ገዳ» ታውቆ ስለነበር ጽሑፉ ሰፊ ትኩረት አገኘ። ዕድሜው ግን ከዐምዶቹ ሥር የተገኘ አልነበረም፤ ከዚያ ርቆ ካለ ሌላ የመቃብር ስፍራ የተወሰደ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሶፐር ዐምዶቹ መግነጢሳዊ ስለሆኑ የመጀመሪያው የኮምፓስ ልኬት መታረም እንዳለበት አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ በቱርካና ዙሪያ ባሉ የዐምድ ስፍራዎች የተካሄዱ ቁፋሮዎች ደግሞ ዘመናቸውን ከዛሬ 5,000 እስከ 4,000 ዓመት በፊት ወዳለው ጊዜ ወሰዱት።

የዕድሜው ለውጥ በአቅጣጫው ላይ ምን እንዳደረገ ማስተዋል ያስፈልጋል። የምድር ዛቢያ ቀስ እያለ ስለሚዞር የኮከብ መውጫ ከዘመን ዘመን ይሸሻል፤ በ2,000 ዓመት ውስጥ የአንድ ኮከብ ቦታ ከሰማይ ወገብ አንጻር እስከ 11 ዲግሪ ሊለወጥ ይችላል፣ ይህም በእኛ ኬክሮስ አዚሙቱን በተቀራራቢ መጠን ያዛውረዋል። ስለዚህ ለ300 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተሰላ የኮከብ መስመር ሁለት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ሲገፋ እንዳለ ሊቆም አይችልም። የፀሐይ መውጫ ግን በዚያው ጊዜ የሚለወጠው በሩብ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ዕድሜው በእርግጥ ባልታወቀ ስፍራ የኮከብ መስመር አይፈልጉ፤ የፀሐይ መስመር ግን መፈለግ ይቻላል።

የአጋጣሚውን መጠን ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። 19 ዐምዶች 171 ጥንድ፣ በሁለቱም ወገን ሲታዩ 342 አቅጣጫ ይሆናሉ። ለሰባት ከዋክብት መውጫ በየአንዳንዱ ግራና ቀኝ አንድ ዲግሪ ይቅርታ ቢሰጥ ከ360 ዲግሪ ውስጥ 14ቱ ይያዛሉ፤ በዘፈቀደ ከተጣሉ 342 አቅጣጫዎች ውስጥ 13 ያህሉ ያለ ማንም ሐሳብ ከከዋክብቱ ጋር ይስማማሉ ማለት ነው። የቦረና ባለሙያዎች ቀኑን የሚያነቡት ጨረቃን ከከዋክብቱ ጋር በዓይን አነጻጽረው መሆኑ ሲታከልበት፣ የድንጋይ መመልከቻ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው ራሱ መጠየቅ ያለበት ነገር ይሆናል።

ከዚህ ስሕተት የሚያድነው ልማድ አንድ ነው፤ ከመለካትዎ በፊት የሚፈልጉትን አቅጣጫና የሚፈቅዱትን የስሕተት መጠን በደብተር ይጻፉ፣ ከለኩ በኋላ አይለውጡት።

9ኛ ደረጃ፦ በዓይን ማረጋገጥና መመዝገብ

የታኅሣሥ የፀሐይ መውጫን ያመለክታል የተባለ መስመር በዕለቱ መታየት አለበት። የሰኔው መውጫ በክረምቱ ደመና ስለሚሸፈን ለዚህ የሚመቸው የበጋው ነው፤ ከታኅሣሥ 12 በፊትና በኋላ ባሉት አምስት ቀናት መውጫዋ ከአሥረኛ ዲግሪ ብዙም ስለማይዛነፍ ቀኑን ጠብቆ መጨናነቅ አያስፈልግም። ፀሐይ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ስለምትወጣ ከላፍቶ በሌሊት መነሣት ወይም ቡታጅራ ማደር፣ ከመደበኛው ሰዓት በፊት ለመግባትም ከጥበቃው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ፀሐይን በባዶ ዓይን አትኩረው አይመልከቱ፤ የድንጋዩን ጥላ ይከታተሉ።

በመዝገቡ ላይ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ተለይተው ይጻፉ፤ የሁለቱ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ከአንድ የራዲዮካርቦን ውጤት ወደ ሌላው ሲሸጋገር ሳይታወቅ ይደራረባል። ላቦራቶሪዎች ከዛሬ በፊት ሲሉ ከ1950 እ.ኤ.አ. በፊት ማለታቸው መሆኑም አይረሳ። ያልተስማሙ መስመሮችም እንደተስማሙት ሁሉ በሙሉ መስፈር አለባቸው፤ ከ630 መስመር ውስጥ 9ኙን ብቻ ያሳየ ዘገባ ሌላው ሰው ሊመረምረው አይችልም። የማግኔት እርማት ያልገባበትን ጥሬ ልኬት ከታረመው ጎን ያስቀምጡ፣ የቅጂውንም አንድ ክፍል ለመካነ ቅርሱ ሠራተኞች ይስጡ።